ተሳስቶ መገመት

መምህርት ብዙወርቅ ሰሌዳው ላይ የሣለችውን ሥዕል ለማሳየት ጥግ ላይ የቆመውን ዘንግ ብድግ ስታደርግ፣ የፊት ረድፍ ተማሪዎች በሙሉ አንገታቸውን ቀበሩ። ጠጄ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ሸፍና ዓይኗን ጨፈነች። ምቱ ግን አልመጣም። ቀስ ብላ በጣቶቿ መሃል ስታይ፣ አዲሷ መምህርት ዘንጉን እንደያዘች ክው ብላ ቆማለች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

ከኋላ ወንበር ቃልቤሳ፣ «ቲቸር፣ ሊመቱን መስሎን ነው» አለ።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ስድስተኛ «ለ»ን ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩት መምህር ጉተማ ነበሩ። እሳቸው ክፍል ውስጥ ጥያቄ ማለት ወጥመድ ነው። መልሱ መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው ካልወጣ፣ ከኮታቸው ኪስ የከባድ መኪና ቺንጋ፣ ያ ወፍራም የሞተር ጎማ ቀበቶ፣ ይመዘዛል። ከቃሊቲ ጋራዦች ካንዱ ያገኙት ነው ይባላል። ጫፉ ተበጣጥሶ የውስጡ ክር ወጥቷል፤ ሲያርፍ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቆይቶ ያብጣል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ «ተማሪን መምታት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ መምህር ጉተማ በየጠዋቱ ከሥሩ ቆመው ያረፈዱትን ይገርፋሉ። አሁን ዩኒት ሊደር፣ የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት ኃላፊ፣ ሆነው ስለተሾሙ ነው ሳይንሱ ወደ አዲሷ መምህርት የዞረው።

ብዙወርቅ ዘንጉን ለአፍታ አየችው። ከዚያ ወጥታ ውጪ ግድግዳው ላይ አስደገፈችውና ባዶ እጇን ተመለሰች። የቀረውን ሥዕል በጣቷ አሳየቻቸው።

በማግስቱ አንድ ባልዲ ውሃና ሁለት ብርቱካን ይዛ መጣች። አንዱን ላጠችው።

«ሁለቱንም ውሃው ላይ ልጥላቸው ነው። የትኛው ይሰምጣል? ገምቱ።»

ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል።

«መልሱን ንገሩኝ አላልኩም። ገምቱ ነው ያልኩት።»

ቃልቤሳ ተነሣ። ረጅም፣ ዩኒፎርሙ እጅጌው ላይ ያጠረበት ልጅ ነው። «ያልተላጠው ይሰምጣል። እሱ ይከብዳላ» አለ። መምህርቷ ስሙንና ግምቱን ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ብርቱካኖቹን ለቀቀቻቸው። የተላጠው ሰመጠ፤ ያልተላጠው ተንሳፈፈ።

ባልዲውን ያየ ግን ጥቂት ነው። ሁሉም ዞሮ የሚያየው ቃልቤሳን ነበር፤ ምን እንደሚደርስበት። ቃልቤሳም ራሱ ትከሻውን ሰብስቦ ይጠብቃል።

«ጎሽ» አለች ብዙወርቅ። «እኔም መጀመሪያ እንዳንተ ነበር የገመትኩት። በል ና፣ ልጣጩ ውስጥ ምን እንዳለ አብረን እንይ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠጄ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መፍራቷን ተወች። እንዲያውም አንድ ቀን ራሷ ጠየቀች። አባቷ ያደታ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ልጅ እያለ ግን ቤተሰቡ ከሰፈሩ በታች በሚያልፈው ወንዝ ዳር መሬት ነበረው፤ በወንዙ ውሃ ያበቀሉት ጎመን ቁመቱ እስከ ጉልበት ይደርስ እንደነበር ሁልጊዜ ያወራል። ዛሬ የፋብሪካ ፍሳሽ ስለሚገባበት ያንን ውሃ ከብት እንኳ እንዲጠጣው የሚፈቅድ የለም። «ቲቸር፣ የወንዙ ውሃ አሁንም ያበቅላል?» አለች ጠጄ።

«አላውቅም» አለች ብዙወርቅ። «እንዴት ማወቅ እንችላለን?»

አላውቅም ያለ መምህር አይተው አያውቁም ነበር። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሐሳቡ ከዚህም ከዚያም ይመጣ ጀመር። በመጨረሻ የማርማላታ ጠርሙስ ያለው ጠርሙስ፣ ባቄላ ያለው ባቄላ ሊያመጣ ተስማሙ። ክፍሉ እንደ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ በአንድ ለአምስት የተደራጀ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የቡድኖቹ ሥራ ማን እንዳረፈደና ማን እንዳወራ ለመምህር ጉተማ ማቃጠር ብቻ ነበር። አሁን አንዱ ቡድን ባቄላውን በወንዝ ውሃ፣ ሌላው በቧንቧ ውሃ፣ ሌላው በዝናብ ውሃ ያጠጣ ጀመር። ጠርሙሶቹ ላይ የቡድኑ ስምና የውሃው ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደረደሩ።

ወንዙ ለፊርዶስ ቡድን ደረሰ። ፊርዶስ የጠጄ የልብ ጓደኛ ናት፤ ጠጄም፣ የፊርዶስ የአጎት ልጅ ሳዲቅም እዚያው ቡድን ውስጥ ናቸው። ፊርዶስ ተነሥታ፣ «የወንዙ ባቄላ ከሁሉም ይበልጣል» ብላ ለክፍሉ በሙሉ ተናገረች። ስሟ ከነግምቷ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ባቄላው ግን የፊርዶስን ግምት አልሰማም። በቅሎ ትንሽ እንደቆየ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ቢጫ መሆን ጀመረ። የቃልቤሳ ቡድን የቧንቧ ባቄላ አጠገቡ ቀጥ ብሎ ያድጋል። ፊርዶስ በየዕረፍቱ እየሄደች ታየዋለች፤ በመጣች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

«ምን አስጨነቀሽ? ግምት እኮ ነው» አለቻት ጠጄ።

«ለአንቺ ግምት ነው።» ፊርዶስ ቀኝ እጇን ዘረጋችላት። አምና መምህር ጉተማ የደም ዝውውር ጠይቀዋት አንድ ቃል ስለሳተች መዳፏ እስኪያብጥ ገርፈዋታል፤ በማግስቱ ፈተና ላይ እስክሪብቶ መያዝ አቅቷት ነበር። «ያኔ ሁለተኛ አልሳሳትም ብያለሁ። ደግሞ ከክፍለ ከተማ ሰዎች ሊያዩ ይመጣሉ ተብሏል። ዩኒት ሊደሩም አብረዋቸው ይገባሉ።»

ዓርብ ከሰዓት፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሮጥ ጠጄ የረሳችውን ሹራብ ልታመጣ ተመለሰች። ፊርዶስ መስኮቱ ጋ ነበረች። የሁለት ጠርሙሶችን ወረቀት ልጣ፣ አቀያይራ እየለጠፈች ነው።

«አላየሽኝም» አለች ዞር ሳትል።

ጠጄ ሹራቧን አንሥታ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ብዙወርቅ ማጉያ መነጽር ከቢሮ ላምጣ ብላ ወጣ እንዳለች ቃልቤሳ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ «ፊርዶስ ቡድን፣ ወንዝ» የሚለውን ጠርሙስ አነሣ።

«ይሄ የኛ ነው።»

«ፋራ፣ ጽሑፉን አታነብም እንዴ?» አለ ሳዲቅ።

«ወረቀቱ ተቀይሯል። የኛ ሁለተኛው ቅጠሉ ላይ ትል የበላው ቀዳዳ አለው። በየቀኑ ነው የማየው። ይኸው።»

«ውሸታም» አለች ፊርዶስ። ወደ ጠጄ ዞረች። «ጠጄ ታውቃለች። ጠጄ፣ የኛ አይደለም?»

ሁሉም ጠጄን አያት። ቃልቤሳም ጠርሙሱን ደረቱ ላይ እንደያዘ አያት። ፊቱ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም፤ እውነቱን እንደምትናገር እርግጠኛ ነበር።

«የኛ ነው» አለች ጠጄ።

ሳዲቅ ጠርሙሱን ሊነጥቀው ተንደረደረ። ቃልቤሳ ገፈተረው። ሳዲቅ ከዴስኩ ጋር ተላትሞ ተነሣና በቡጢ አፉን አለው። ጠርሙሱ ወድቆ ተሰበረ፤ አፈርና ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተበተነ። ቃልቤሳ የሳዲቅን ኮሌታ ጨምድዶ በጭንቅላቱ መታው፤ የሳዲቅ አፍንጫ ፈነዳ። ደሙ በነጭ ሸሚዙ ላይ ሲወርድ ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ተጣበቁ፣ ወንዶቹ ዴስክ ላይ ወጡ። ሁለቱ ተያይዘው ስብርባሪው ላይ ወደቁ። ቃልቤሳ ከላይ ሆኖ ይመታል። «በል፣ የማን ነው? የማን ነው በል» እያለ ይመታል። ድምፁ ለቅሶ ነበረው።

ከዚያ ጩኸቱ በአንዴ ተቋረጠ። መምህር ጉተማ በሩ ላይ ቆመዋል።

ምንም አልጠየቁም። ቺንጋውን ከኮታቸው ኪስ መዘው ኮቱን አውልቀው ዴስክ ላይ አስቀመጡ። ቃልቤሳን በጆሮው አንሥተው ቺንጋውን ጀርባው ላይ አሳረፉት። ቃልቤሳ ሊናገር ሞከረ፤ ሁለተኛው አንገቱን አገኘው። በሦስተኛው በጉልበቱ ወደቀ። ከወደቀም በኋላ አላቆሙም። ቺንጋው አየሩን ሲቀድ ያፏጫል፣ ሲያርፍ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ እንደተመታ ይጮሃል። ጠጄ ጆሮዋን ያዘች፤ ግን በደረቷ ትሰማዋለች። አንድ ቃል ብትናገር ይቆማል። ግን አልተናገረችም።

«በቃ፣ መምህር። በቃ።»

ብዙወርቅ ማጉያ መነጽሩን እንደያዘች እየሮጠች ገባች። ቺንጋው ተነሥቶ ነበር። እሷ ቃልቤሳ ላይ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል፣ ምቱ ከቅንድቧ እስከ ጉንጯ ወረደ። እጇን ፊቷ ላይ አደረገች፤ በጣቶቿ መሃል ደም ወጣ፣ ከዚያ ክርኗ ድረስ ወረደ።

መምህር ጉተማ እጃቸው ላይ ያለውን ቺንጋ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አዩት። ጠቅልለው የሱሪ ኪሳቸው ከተቱት። ሌሎች መምህራን ወደ በሩ ሲሮጡ ጠጄ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል በሹክሹክታ ነበር፤ «ጠርሙስ ወረወረባት» አሉ መምህር ጉተማ። ከዚያ ጮክ ብለው ደገሙት። «ይሄ ልጅ ጠርሙስ ወርውሮባት ነው። አይታችኋል አይደል?»

አንዳንዱ ተማሪ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሌላው ወለሉን አየ።

ብዙወርቅ ጤና ጣቢያ ሄዳ ቅንድቧ ተሰፋ፤ ዓይኗ አብጦ ተዘጋ። የመታኝ ቺንጋ ነው ብላለች፤ መምህር ጉተማ ግን ጎንበስ ብላ ስለነበር አላየችም ይላሉ። ቃልቤሳ ወላጅ ይዞ እስኪመጣ ተባረረ፤ ጥፋቱ ከተረጋገጠ ጭራሽ አይመለስም ተባለ። ጠርሙሶቹ ተለቅመው ዕቃ ቤት ተጣሉ። ሳይንሱን መምህርቷ እስክትሻላት መምህር ጉተማ ያዙት። በማግስቱ ገብተው ቺንጋውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «ገጽ ሃያ ስምንት። ገልብጡ» አሉ። ክፍሉ በሙሉ መገልበጥ ጀመረ። ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ፣ «ነገ ርዕሰ መምህሩ አንዳንዶቻችሁን ይጠይቃሉ። ያያችሁትን ታውቃላችሁ» አሉ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ፊርዶስ የጠጄን ክንድ ያዘች። የባቡሩ ሐዲድ ሥራ ያስነሣው አቧራ መንገዱን ሸፍኖታል፤ የጭነት መኪናዎቹ እየጮሁ ያልፋሉ።

«ጠርሙስ ነው ካልን ስለ ወረቀቱ የሚጠይቅ የለም» አለች። «እኔም አንቺም ነፃ ነን።»

«ቃልቤሳስ?»

«እሱ ሳዲቅን አፍንጫውን ሰብሮታል እኮ። ለዚያም ቢሆን መባረሩ አይቀርም።» ፊርዶስ ክንዷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «እኔን ጀርባዬን እንደዚያ ቢሉኝ እሞታለሁ፣ ጠጄ። እውነቴን ነው።»

ጠጄ ቤት ስትደርስ አባቷ የሌሊት ተረኛ ስለነበር ካፖርቱን እየለበሰ ነበር። ጠጄ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ «የኛ ነው» ያለችውን ግን ዘለለችው። ያደታ የካፖርቱን ቁልፍ መቆለፍ አቁሞ አዳመጣት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አላት፤ «ሰውዬው ነገም እዚያው ናቸው። አንቺም ነገ እዚያው ነሽ። አላየሁም በይና ውጪ።» በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። የሚጨምረው ያለ ይመስል ነበር። ግን ካፖርቱን አስተካክሎ ሄደ።

ጠጄ ቁጭ ብላ መቆየት አልቻለችም። የቃልቤሳ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ነው። እናቱ በሩን ከፈቱላት። እሱ ፍራሹ ላይ በሆዱ ተኝቷል፤ ጀርባው በቫዝሊን ያብለጨልጫል። ሰምበሩ እርስ በርሱ ተጠላልፏል፤ አንዳንዱ ቦታ ቆዳው ተከፍቷል። እናቱ አጠገቡ ተንበርክከው ወደ ቅባቱ ተመለሱ። ማን እንደሆነች አልጠየቋትም።

«ምን ፈለግሽ?» አለ ቃልቤሳ።

«እንዴት ነህ ልልህ ነው።»

«ታያለሽ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጠጄ ልትወጣ ስትነሣ ተናገረ። «የዝናቡ ባቄላስ? ስንት ቅጠል አወጣ?»

«ምን?»

«የዝናቡ። ሰኞ ሳላየው ነው የጣሉት። ከኛ ሊበልጥ ነበር መሰለኝ። ጀለሶቹን ጠይቂልኝ፤ ካዩት ይንገሩሽ።»

ጠጄ እሺ አለች። ከመጋዘኖቹ አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ስትደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቢሰድባት፣ ቢያባርራት ይቀላት ነበር።

በማግስቱ ጠጄ፣ ፊርዶስና ሳዲቅ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ሳዲቅ አፍንጫው በፋሻ ታሽጎ ገብቶ ቶሎ ወጣ። «አላየሁም አልኩ» አለ፤ ማንንም ሳያይ አለፈ። ፊርዶስ ገባች። ስትወጣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አግዳሚው ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና በጠጄ ጆሮ፣ «ጠርሙስ ብያለሁ። እንዳትከጂኝ» አለቻት።

«ጠጄ ያደታ» ተባለ።

ቢሮው ጠባብ ነው። ርዕሰ መምህሩ ከጠረጴዛው ጀርባ፣ መምህር ጉተማ ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ አንዱ ኪሳቸው አብጧል። ጠጄ ዓይኗን ከዚያ ኪስ ላይ ማንሣት አቃታት።

«በሩን ዝጊና ግቢ» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ጠጄ የበሩን እጀታ ያዘች። በክፍተቱ የፊርዶስ ጉልበቶች ይታያሉ፤ በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛቸዋለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው የሄዱበት መንገድ፣ አንድ ሙዝ ለሁለት የበሉበት ዕረፍት ሁሉ መጣባት። ከፊርዶስ ጀርባ አንድም ቃል መናገር እንደማትችል ገባት። ዝም ማለትም አትችልም።

በሩን ገፍታ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ዝጊው እኮ ነው ያልኩሽ።»

«ይቅርታ፣ ቲቸር። ክፍት ይሁን» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን ወጣ። «የምናገረው ስለ ፊርዶስም ስለ ራሴም ነው። እሷም ትስማ።»

መምህር ጉተማ ወንበራቸውን ገፍተው ብድግ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ የተጠየቅሽው ማን ጠርሙስ ወረወረ ተብለሽ ነው።»

«ማንም አልወረወረም። ጠርሙሱ መሬት ወድቆ ነው የተሰበረው። ቲቸር ብዙወርቅን ያገኛት ቺንጋው ነው። ኪስዎ ውስጥ ያለው።»

መምህር ጉተማ አንድ እርምጃ ወደ እሷ መጡ። ጠጄ አንገቷ በራሱ ጊዜ ወደ ትከሻዋ ሲሰምጥ፣ እጇ ወደ ጭንቅላቷ ሲነሣ ተሰማት። መልሳ አወረደችው።

«ይቀመጡ እስኪ፣ መምህር» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ድምፃቸው ደከም ያለ ነበር፤ ከማን ጋር እንደሆኑ አያስታውቅም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠጄን አዩአት። «ቃልቤሳና ሳዲቅ ታዲያ በምን ተጣሉ?»

«በኔ ውሸት» አለች ጠጄ። «ዓርብ የሆነ ነገር አለ። ከዚያ ነው የሚጀምረው።»

ከውጪ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማች። ፊርዶስ ተነሥታለች። በሩ ላይ ጥላዋ ወደቀ፤ ወደ ውስጥ ትግባ ወደ ውጪ ትሂድ ገና አልወሰነችም ነበር። ጠጄ ዞራ አላየቻትም። ሹራቧን ልታመጣ ክፍል ስትመለስ ምን እንዳየች መናገር ጀመረች።